27 ወጥተው 26 ሲመለሱ

(በማህበራችን የሦስት ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ስለ ሰፈራችን የስካውት ቡድን ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን “ስለ ልጆቹ ጥቂት ንገሪን” ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ፎቶ ማሳየት ነበር። ልጆቹ እስካርፋቸውን አስረው፣ ተሰልፈው፣ ሦስት ጣታቸውን አንስተው ቃል ሲገቡ የሚያሳይ ቆንጆ ፎቶ አለን። ያለፈው ዓመት ሪፖርት ሽፋን ላይም ወጥቷል። ከዚያ ግን ተውኩት። ፎቶው ውሸት ሆኖ አይደለም። ፎቶ የምንነሳው ልጆቹ ሁሉ በመጡበት ቀን ነው፤ እኔ ደግሞ ልነግራችሁ የምፈልገው ስላልመጡበት ቀን ነው። ስለዚህ በፎቶው ፋንታ ሁለት ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። አንዱ የገቢና ወጪ ነው፣ ሌላው የስም መጥሪያ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ጀምሮ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ወደ ስካውት የገባሁትም በልጅ ፍቅር አይደለም፤ ለምን እዋሻለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ቡድኑን ይመሩ የነበሩት መምህር ወደ ክፍለ ሀገር ሊዛወሩ ሲሉ “ሂሳቡን አይተሽ ለሚተካኝ ሰው አስረክቢልኝ” ብለው ጠሩኝ። የተረከብኩት አንድ ካርቶን ነው። ውስጡ 11 እስካርፍ፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንድ ፊሽካ፣ የተቀደደ ድንኳንና የ340 ብር ዕዳ ነበረበት። ዕዳው የዳቦ ነው፤ ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ የተወሰደ። ሂሳቡን መርምሬ ጨረስኩ። የሚረከበኝ ሰው ግን አልመጣም። ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም።

“ስካውት ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ ብዙ ነው። ሰልፉን አይቶ “ወታደር ልታደርጓቸው ነው እንዴ?” የሚል አለ። “ሃይማኖት ነው ወይስ ፖለቲካ?” የሚልም አለ። በንጉሡ ጊዜ ልጅ የነበሩ አባቶች ደግሞ “ቦይ ስካውት! እኛም እኮ ነበርን” ይላሉ፣ ፊታቸው ይበራል፣ ከዚያ የማሰሪያውን ቋጠሮ ሊያሳዩኝ ገመድ ይጠይቁኛል። ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ባደን ፓወል የሚባል እንግሊዛዊ የጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ወንዶች ልጆችን ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወስዶ ድንኳን አስተከላቸው። የሀብታሙንም የድሃውንም ልጅ ቀላቅሎ ነው የወሰደው። በትንንሽ ቡድን ከፋፈላቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾመ። በዓመቱ መጽሐፍ ጻፈ፣ ነገሩም ከዚያ እየሰፋ ሄደ። ዛሬ በዓለም ላይ ከ50 ሚሊዮን በላይ ስካውቶች አሉ።

ለእኛ ለሴቶች ስብሰባ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው ቦታ የወንዶቹ ስካውቶች ትልቅ ሰልፍ ነበራቸው። ማንም ያልጠራቸው ሴቶች ልጆች ለብሰው መጡና “እኛም ስካውት ነን” አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ለሴቶቹ የራሳቸው ማህበር ተቋቋመላቸው። በእኛ ቡድን ወንዶቹም ሴቶቹም አብረው ናቸው። ደስታውም ጣጣውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በአሁኑ ሰዓት የተመዘገቡ 34 ልጆች አሉን፤ ከ11 እስከ 16 ዓመት። በአራት ፓትሮል ተከፍለዋል፤ ንስር፣ ዋልያ፣ ጭላዳ እና ቀበሮ ይባላሉ። ስሙን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ቀበሮ የተባሉት መጀመሪያ አንበሳ ነበር የፈለጉት፤ ሦስቱም ፓትሮል አንበሳ ስላለ ዕጣ አውጥተን ማንም አላገኘም። ገመድ ማሰር፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ካርታ ማንበብ፣ ችግኝ መትከል፣ እሳት አንድዶ ማብሰልና አጥፍቶ መሄድ ይማራሉ። የሚያስተምረው ብዙውን ጊዜ ትልቁ ልጅ ትንሹን ነው። የእኔ ሥራ ቦታ መለመን፣ ፊርማ ማሰባሰብና መቁጠር ነው።

አንዳንዱ ነገር ከአገራችን ጋር አልስማማ ይላል። ስካውቶች ሲጨባበጡ በግራ እጅ ነው። አንዱ ልጃችን ቃል የገባ ዕለት እየበረረ ቤቱ ሄደና ለአያቱ ግራ እጁን ዘረጋላቸው። በማግስቱ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀጥታ በእኔ በር መጡ። “ግራውን ለሰው እንዲሰጥ ነው የምታስተምሪው?” አሉኝ። ቡና አፍልቼ አስታረቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፦ ግራ እጅ ለስካውት፣ ለአያት ግን ጎንበስ ብሎ ሁለት እጅ።

አሁን ወደ ደብተሮቹ ልግባ።

የስም መጥሪያውን የማየው እንደ ሌጀር ነው። ልማድ ሆኖብኝ በየወሩ መጨረሻ እደምረዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስደምር አንድ ነገር አየሁ። ወንዶቹ የሚቀሩት አልፎ አልፎ፣ ያለ ሥርዓት ነው። አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ይሰንፋል። የሴቶቹ ቀሪ ግን መስመር አለው። የ11 እና የ12 ዓመት ሴቶች ልጆች ከማንም በፊት ይመጣሉ። 13 ሲሞላቸው ማርፈድ ይጀምራሉ። ከዚያ አንድ ሳምንት እየዘለሉ ይመጣሉ። ከዚያ ስማቸው አለ፣ እነሱ የሉም። በሦስት ልጆች ስም አጠገብ በራሴ እጅ “ፍላጎት የላትም” ብዬ ጽፌአለሁ። ጽሑፉ አሁንም ደብተሩ ላይ አለ፤ አልሰረዝኩትም።

ከሦስቱ የአንዷ ቤት ሄድኩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር፤ ያኔ የምንሰበሰብበት ሰዓት። ልጅቱ ምጣድ ላይ ናት። እስካርፏን ፀጉሯ ላይ ሻሽ አድርጋ አስራዋለች፣ ጭሱ እንዳይነካት። ከኋላዋ የሚታጠብ ልብስ በሁለት ሳፋ ተዘፍዝፏል። ታናሽ ወንድሟ የእኛ ቡድን አባል ነው፣ እሱ መጥቷል። እናትየው ገበያ ናት። “ፍላጎት የላትም” ያልኳት ልጅ “ዛሬ የምን ቋጠሮ ነው የተማሩት?” ብላ ጠየቀችኝ።

ሰዓቱን ወደ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አዛወርነው። ወንዶቹ የእንግሊዝ ኳስ አመለጠን ብለው አንድ ወር ሙሉ አኮረፉ። ሁለቱ ጭራሹን ቀሩ፤ አልለመንኳቸውም። ከሴቶቹ ግን አምስት ተመለሱ። ታናናሾቻቸውን አዝለው የሚመጡም ስለነበሩ ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፍንላቸው። ለወንዶቹ ደግሞ የምግብ ዝግጅት ሥልጠናውን ግዴታ አደረግነው፤ ሽንኩርት ሳይከትፍ ባጅ የሚያገኝ የለም። አንዲት እናት ደውላ “ልጄ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ አገኘሁት” ብላኛለች። ቅሬታ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም።

የገንዘቡ ደብተር አጭር ነው፤ ገንዘቡም አጭር ስለሆነ። መዋጮው በወር 20 ብር ነው። ትንሽ ይመስላል። አንድ ልጅ ግን በዚህ 20 ብር ምክንያት ሦስት ሳምንት ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲያየን ከርሟል፤ የነገረኝ የቤቱ ዘበኛ ነው። አሁን መዋጮውን የሚሰበስበው ራሱ ፓትሮሉ ነው፤ ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ እኔ እንኳ በስም አላውቅም፣ የማየው ድምሩን ነው። በሂሳብ ትምህርት ቤት ይህን ብናገር እወድቃለሁ።

ዩኒፎርሙንም እንዲሁ። ደጋግ ሰዎች ሙሉ ልብስ ሊያለብሱን ጠይቀውን ነበር። ለ20 ልጆች የሚበቃ ነበር፤ የቀሩት 14ቱ እንዳይለዩ ብለን እምቢ አልን። እዚሁ ማህበራችን ውስጥ የምትሰፋ እህታችን እስካርፉን በጅምላ ከተገዛ ጨርቅ ሰፋችልን። ከአንገት በላይ ስካውት ነን፣ ከአንገት በታች ያገኘነውን ለብሰን።

አንዴ ደግሞ ከአንዱ ፓትሮል ገንዘብ 180 ብር ጎደለ። ገንዘብ ያዡ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ጠየቅኩት፤ መሬት መሬት አየ። ኋላ ሲናገር እናቱ የመብራት ካርድ ለመሙላት ቸግሯት አይቶ አበድሯታል። በሥራ ቤቴ ይህ ጉድለት ይባላል፣ ሰው ያስባርራል። ጉዳዩን ለአራቱ የፓትሮል መሪዎች አቀረብኩት። እነሱ “ብድር” ብለው ደብተሩ ላይ አስገቡትና በሦስት ወር እንዲመለስ ወሰኑ፤ ከአሁን በኋላ ደግሞ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ልጅ ፊርማ እንዲሆን አደረጉ። ተመለሰ። ልጁም ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቀጠለ፤ ይህን እኔ ብቻዬን ብሆን አልወስነውም ነበር።

ወደ እንጦጦው ቀን እየሄድኩ ነው። ይህን ከመናገሬ በፊት ልጅቱንም እናቷንም አስፈቅጃለሁ። ልጅቱ “ንገሪያቸው፣ ስሜን ግን አትጥሪ” ብላኛለች። እናትየው ይህን አዳራሽ ከሞላን መካከል አንዷ ናት።

ኅዳር መጨረሻ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ተነስተን በእግር ወደ እንጦጦ ልንወጣ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ ካርታ ልናነብ፣ ምሳ በልተን 9 ሰዓት ላይ ልንመለስ ነው እቅዱ። 27 ልጆች መጡ። አዋቂዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና በበጎ ፈቃድ የሚያግዘን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ በአንድ በጣቴ ነክቼ ቆጠርኩ፤ 27።

ጫፉ ላይ ደርሰን ምሳ ስንቀመጥ ደክሞኝ ነበር። እንጦጦ ከፍ ያለ ነው፣ ከባህር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ትንፋሽ አይሰጥም። ተነስቼ አልቆጠርኩም። በተቀመጥኩበት “ፓትሮሎች፣ ሙሉ ናችሁ?” ብዬ ጮህኩ። አራቱም “ሙሉ ነን!” ብለው መለሱ። በሥራዬ አንድ ገንዘብ ያዥ “ካዝናው ሙሉ ነው” ቢለኝ “ክፈተውና ቁጠርልኝ” ነው የምለው። እዚያ ግን በቃል የተነገረኝን ተቀበልኩ።

ከምሳ በኋላ ልንወርድ ስንል ቆጠርኩ። 26። እንደገና ቆጠርኩ። 26። የጎደለችው የ12 ዓመት ልጅ ናት። የፓትሮል መሪዋ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ከሌላው ፓትሮል ጓደኛዋ ጋር መስላው ነበር። ጓደኛዋ ደግሞ ከፓትሮሏ ጋር መስላት ነበር። መቼ እንደተለየች የሚያውቅ የለም።

26ቱን ለተማሪው ትቼለት ሮጥኩ። ይህ ራሱ ጥፋት ነው፣ አንድ አዋቂ ከ26 ልጆች ጋር ጫካ ውስጥ። ስሟን እየጠራሁ ባህር ዛፉ ውስጥ ወጣሁ ወረድኩ። እንጦጦ ሲመሽ ጅብ አለ፤ ገና አልመሸም፣ እኔ ግን የማስበው ስለ ጅብ ነው። ስለ ሰውም።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የእናቷ ቁጥር አለኝ። አልደወልኩም። “አሁን አገኛታለሁ፣ ለምን በከንቱ አስደነግጣለሁ” እያልኩ ነበር። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። የማህበራችን አባል ናት፣ ዕቁብ አብረን እንጥላለን፣ ልጇን በእኔ ፊርማ ነው የወሰድኩት። 40 ደቂቃ ቆይቼ ደወልኩ። ስደውል የሰማሁትን ድምፅ እዚህ አልደግመውም።

ከደወልኩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተማሪው ደወለ። ልጅቱን ሁለት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ይዘዋት ወርደዋል። በእስካርፏ አውቀው፣ እንዲህ ዓይነት ጨርቅ ያሰሩ ልጆች የት ሄዱ እያሉ መንገደኛውን ሲጠይቁ ነው የተገኙት።

የሆነው ይህ ነው። ልጅቱ መንገድ ላይ ሳለን የወር አበባዋ መጣ፤ የመጀመሪያዋ ነው። የፓትሮል መሪዋ ወንድ ነው። ከኋላ የሚሄደው አዋቂ ወንድ ነው። እኔ ከፊት ነኝ፣ ወደ እኔ ለመድረስ በ20 ልጅ ፊት ማለፍ አለባት። ስለዚህ ቀስ ብላ ወደ ዛፉ ገባች። ልብሷን ስታይ አፍራ እዚያው ተደበቀች። ሁላችን እስክናልፍ ጠበቀች፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ወደ ታች ወረደች። ያገኟት እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራላታለች። ሸክሟን ለጓደኛዋ አስጠብቃ፣ ኋላ ደግሞ ሁለቱም ሸክማቸውን ጥለው፣ ነው ያመጧት።

ደርሼ ሳመሰግን ለሴትየዋ 200 ብር ሰጠኋት። “የልጅ ዋጋ አልቀበልም” አለችኝ። “የእንጨቱ ነው” አልኳት። ተቀበለችኝ። የገቢና ወጪው ደብተር ላይ ኅዳር ውስጥ “የእንጨት ሸክም፣ 200 ብር” የሚል አለ። ደረሰኝ የለውም። ባለፈው ኦዲት የጠየቃችሁኝ እሱ ነው፤ መልሱ ይኸው።

እናትየው ያኔ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ደርሳ ነበር። ልጇን አቅፋ ምንም አላለችኝም። ከሳምንት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። “ልጅ ይጠፋል፣ እኔም ገበያ ላይ አጥፍቻት አውቃለሁ” አለችኝ። “የማይወጣልኝ 40 ደቂቃው ነው። ልጄ ጠፍታ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሽሮ እበላ ነበር።”

ምን እመልሳለሁ? አልመለስኩም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ሌላ ቡድን የሚመራ ሰው ቢኖር ይጠቅመዋል። መጀመሪያ፣ ጥንድ አበጀን። እያንዳንዱ ልጅ ጥንድ አለው፣ ጥንዱ ከጎኑ ከጠፋ ወዲያው ይጮሃል፣ ቆሞ መጮህ ነው ሥራው። ቆጠራው በአፍ አይደለም። በተነሳን፣ በቆምን፣ በበላን ቁጥር የፓትሮል መሪው ስም እየጠራ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ያመጣልኛል፣ እኔ ደግሞ ለብቻዬ እቆጥራለሁ፣ ሁለቱ ካልገጠሙ አንንቀሳቀስም። ልክ እንደ ባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ልጅ ከጎደለ 10 ደቂቃ ፈልገን ለወላጅ እንደውላለን፤ ይህ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ወላጅ ይፈርምበታል። መጻፍ የማይችሉ እናቶች በጣት ያትማሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው። ወረቀቱ ላይ አስም ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ማታ ማን እንደሚቀበለው ሁሉ አለ። የማን ልጅ ማን እንዲወስደው እንደማይፈቀድም አለ፤ ይህን ስንጠይቅ የሰማነውን ብነግራችሁ ስብሰባው አያልቅም።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው ውስጥ ሞዴስና ትርፍ ጉርድ ቀሚስ አለ። ቦርሳውን የሚይዙት በየተራ ሁሉም ናቸው፣ ወንዶቹም፤ ውስጡ ያለውን ያውቃሉ፣ መሳቅ ከሁለት ቅዳሜ በላይ አልቆየም። ምግቡን ለማንም የማይከለከል አደረግነው፤ ዳቦ፣ ድንች ወጥና ሻይ። የሚጾመውም፣ ሙስሊሙም አንድ ድስት ይከባል።

አንዱ ግን ያልተሟላልን አለ፣ የመጣሁትም ለእሱ ነው። በብዙ አገር ስካውቶች ዘንድ የሚሠራበት ደንብ አለ፤ የዓለም የስካውት ድርጅትም ልጆችን ከጉዳት ስለመጠበቅ አጥብቆ ያዛል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ቦታ ብቻውን አይሆንም። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል። ሴቶች ልጆች ባሉበት ጉዞ ከሁለቱ አንዷ ሴት ከሆነች ደግሞ እሷ ከፊት ስትሆን ከኋላ ማን ይኖራል? ሦስት ያስፈልጉናል ማለት ነው፣ ሁለቱ ሴቶች። ይህ ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይጠብቃል። አግዘን ብሎ የመጣን ወጣት ሰፈር በሐሜት እንዳይበላው ይጠብቃል። ደግሞም ክፉ ሰው ልጆች ባሉበት ቦታ መጠጋት እንደሚወድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ዝም አንባባል።

ልጅቱ ሁለት ወር አልመጣችም። በስሟ አጠገብ ስምንት ቀሪ አለ፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፍኩም። በዘጠነኛው ቅዳሜ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ እስከ 10 ሰዓት ተኩል አየችን፣ ከማንም ጋር አላወራችም። ስትሄድ ግን “በሚቀጥለው ጉዞ ከኋላ እኔ እሄዳለሁ” አለችኝ። ሄደች። አሁንም ስትችል ትመጣለች። ቅዳሜ ግን ጉልት ትሸጣለች፤ አንድ ቅዳሜ እኛ ጋ ስትውል የዚያን ቀን ገበያዋ ይቀራል። በየሳምንቱ ነይ ልላት አልችልም።

ለደጋፊዎቻችን በግልጽ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ስም የታተመበት ቲሸርትና ኮፍያ አይጨነቁብን፤ ያለፈው ዓመቱ ገና አላለቀም። የሚያስፈልገን የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የሚሰጥ ባለሙያ፣ እና ቅዳሜ የሚያግዙን እናቶች የቀን ገበያቸው እንዳይቀርባቸው የምትሆን አነስተኛ አበል ነው። በሪፖርት ፎቶ ላይ አበል አይታይም፣ አውቃለሁ። በስም መጥሪያው ላይ ግን ይታያል፤ ደብተሩን ላሳያችሁ ፈቃደኛ ነኝ።

ለአባላት ደግሞ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቹ ሥራ ፈት የሚሆኑት፣ እኛንም አጥብቀው የሚፈልጉን ያኔ ነው። የበጀት ዓመትም የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሐምሌን ሙሉ እኔ ሂሳብ ስዘጋ ቅዳሜም እሑድም ቢሮ ነኝ። አምስት ክረምት በመሸዋወድ አልፌዋለሁ፤ ከአለቃዬ ተደብቄ፣ ደብተሬን ሜዳ ላይ ይዤ፣ ዝናብ ሲመጣ ሌጀሩን በልጆቹ ድንኳን ሸፍኜ። ከኅዳሩ በኋላ እንዲያ ማድረግ አልችልም። ግማሽ ሐሳቧ ሌላ ቦታ የሆነ ሰው 34 ልጅ አትቆጥርም። ሁለት ሴት ካላገኘሁ በዚህ ሐምሌ ቡድኑን እዘጋለሁ። ለማስፈራራት አይደለም፤ ለወላጆቹም ነግሬአቸዋለሁ።

ገመድ ማሰር መቻል አያስፈልግም፣ ልጆቹ ያስተምሯችኋል። እንግሊዝኛም አያስፈልግም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስምንት ሴት ብንገኝ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት እየሆንን ይበቃናል። የምትመጣ ሁሉ ልጆቹን ከማግኘቷ በፊት ሁለት ሰው ስለሷ ይጠየቃል፣ ደንቡንም አንብባ ትፈርማለች፤ እኔም ፈርሜአለሁ፣ ቅር አይበላችሁ።

ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስምንት መስመር አለው፤ የመጀመሪያው ላይ የጉልቷ እናት ስሟን ጽፋለች፣ ዛሬ ጠዋት ከእኔ ቀድማ መጥታ። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ እባካችሁ ይዛችሁት አትሂዱ።